ሰማዩን ለብቻው፣ ዐጸዱን ለብቻው፦ የደብረ ታቦርን አገር ፎቶግራፍ ቦታ እየመረጡ ስለ ማረም

በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ በቅርብ የቤቶቹን የቆርቆሮ ክዳን፣ ከዚያ ወዲያ የገብሱንና የድንቹን ማሳ፣ በማሳው መካከል ጠቁሮ የቆመውን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አድማሱን የዘጋውን የጉናን ተራራ በአንድ ጊዜ ያያል። ዓይን ይህን ሁሉ ያለ ችግር መቀበል የሚችለው፣ ከብሩህ ወደ ጨለማ በተዛወረ ቁጥር ብሌኑን እያጠበበና እያሰፋ፣ አእምሮም የጎደለውን እየሞላ ስለሚያግዘው ነው። ካሜራ ግን ለሰማዩም፣ ለቆርቆሮውም፣ ለዐጸዱም የሚሰጠው አንድ የብርሃን ልክ ብቻ በመሆኑ፣ ወይ ሰማዩን አንጥቶ ያጠፋዋል፣ ወይ ዐጸዱን አጥቁሮ ይውጠዋል፤ ባለ ፎቶው ቤቱ ገብቶ ሥዕሉን ሲከፍት ያየውን አገር የማያገኘውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥዕል መላውን በአንድ ጊዜ ማብራት ወይም ማጨለም ለአንዱ ሲያደሉ ሌላውን መበደል ነው። መድኃኒቱ ሰማዩን እንደ ሰማይነቱ፣ ተራራውን እንደ ተራራነቱ፣ ዐጸዱንም እንደ ዐጸድነቱ ለየብቻ እየመረመሩ ማረም ሲሆን፣ ይህ ሙያ በደቡብ ጎንደር ደጋ ከሌላው አገር ይልቅ የሚፈለግበት ምክንያት አለው። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው 40 ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ከተኛው የፎገራ የሩዝ ሜዳ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ሲያደርስ፣ ወይና ደጋው፣ ደጋውና በጉና ራስ ላይ ያለው ውርጭ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አየርና የራሳቸውን የብርሃን ጠባይ ይዘው ብዙ ጊዜ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች የማመለክትዎ ሥርዓት በአንድ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም ከደብረ ታቦር ወደ ጉና የተነሣ፣ ሰማይ፣ ተራራ፣ ዐጸድ፣ ማሳና ምናልባትም በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያለበት ሥዕል ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ላይትሩም የተባለውን በክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ወይም ያለ ዋጋ የሚሰጠውን ዳርክቴብልን ሊይዝ ይችላል፤ በእጅ ስልክ የሚሠራ ደግሞ ስናፕሲድን ያውርድ፣ ዋጋ አይጠየቅበትም። ስማቸውና የመልካቸው አቀማመጥ ይለያይ እንጂ የሁሉም ምስጢር አንድ ነው፤ እርሱም ማስክ የሚሉት፣ እርማቱ የሚያርፍበትን ስፍራ ከማያርፍበት የሚለይ መከለያ ነው። እርማቱን ራሱን ማለትም ማብራቱን፣ ማጨለሙንና ቀለሙን መለወጡን ማንም በአንድ ከሰዓት ይማረዋል፤ ጥሩው ሥራ ከመጥፎው የሚለየው በማስኩ ጠርዝ ነው፣ በዚህም ጽሑፍ ብዙ የምዘገየው በጠርዝ ነገር ላይ ነው።

የእርማት ሥራ የሚጀምረው ካሜራው በእጅ ሳለ ነው። ጉና ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ፀሐይ ከበስተ ጀርባው ትወጣና ተራራው ገጽታ የሌለው ሰማያዊ ጥላ ይሆናል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከምዕራብ፣ ከጣና አቅጣጫ መጥቶ ሸንተረሩን አንድ በአንድ ይገልጠዋል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ነገር ግን ጠዋት የተነሣውን ጥላ የከሰዓት ተራራ ላድርግህ ማለት በሶፍትዌር የማይሆን ነገር ነው። አገሩ በ12ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አቅራቢያ በመሆኑም፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን በአናት ትክክል ታልፋለች። (ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ከዚህ ሰሞን ጋር መግጠሙ ስለ ብርሃን ለሚያስብ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ ማለቴ ነው።) በዚያ ሰዓት የተነሣ ሥዕል ጥላው ከእግር በታች ስለሚሰበሰብ፣ ማስክ ቢደራረብበትም ቅርጽ አይወጣለትም።

ካሜራዎ ወይም ስልክዎ የሚፈቅድ ከሆነ ራው በሚባለው የፋይል ዓይነት ያንሡ። በ14 ቢት የሚመዘግብ ራው ፋይል ከጥቁር እስከ ነጭ 16,384 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ጄፔግ ግን በእያንዳንዱ ቀለም 256 ብቻ ስላለው፣ በኋላ ሰማዩን ለብቻው ለማጨለም ሲሞክሩ ለስላሳ ሊሆን የሚገባው ሰማያዊ ኅብር ደረጃ በደረጃ ተቆራርጦ ይታያል። በሚያነሡበትም ጊዜ ለደመናው ይጠንቀቁለት፤ የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየው የሂስቶግራም ጉብታ በስተ ቀኝ ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይቆም ብርሃኑን ጥቂት ይቀንሱ። ከጥላ ውስጥ የተሰወረ ነገር በእርማት ይወጣል፤ ከነጭነት የተነሣ የጠፋ ደመና ግን ከጅምሩ ስላልተመዘገበ ማንም አይመልሰውም።

ወደ ጠረጴዛዎ ሲመለሱ አስቀድመው የኮምፒዩተሩን መስታወት የብርሃን መጠን መካከለኛ አድርገው ያቁሙት፣ ራሱን በራሱ የሚለዋውጥበትንም ሥርዓት ያጥፉት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዛወር መስታወቱን ያደበዝዛል፣ ሠራተኛውም ሳያውቀው ሥዕሉን አብርቶ አብርቶ፣ መብራት ሲመለስ የነጋበት ያህል ደምቆ ያገኘዋል። በመስኮት የፀሐይ ጨረር በሚገባበት ክፍልም አይሥሩ።

አሁን ሥዕሉን ይክፈቱ። ማስክ ከማንሣትዎ በፊት ለመላው ሥዕል የሚሆነውን ይፈጽሙ፤ ይኸውም አድማሱን ማቃናት፣ የማያስፈልገውን ጠርዝ መቁረጥ፣ ዋይት ባላንሱን መወሰንና ኤክስፖዠሩን በአማካይ ልክ ማቆም ነው። በዚህ ደረጃ ሥዕሉ ሊያምር አይገባውም፤ ጥቂት ፈዛዛ፣ ከመጠን ያላለፈ፣ ሁሉ ነገር የሚታይበት ቢሆን ይበቃል። ከዚያ እጅዎን ከአይጡ ላይ አንሥተው ሥዕሉን ይመልከቱና፣ ምን የት እንደ ጎደለው በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ሰማዩ ነጥቷል፤ ተራራው በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ዐጸዱ ጠቁሯል፤ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል። ከአራትና ከአምስት በላይ ቦታ ከጻፉ፣ የሚሻለው ሌላ ሥዕል መምረጥ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከሰማይ ነው፤ የሌላው ሁሉ ብርሃን የሚመዘነው በእርሱ ነውና። ላይትሩም ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሴሌክት ስካይ የሚል ትእዛዝ ስላለው፣ አንድ ጊዜ ሲነኩት ሰማዩን ለይቶ ያቀርብልዎታል። ወዲያው ኦ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጫኑ የተመረጠው ስፍራ በቀይ ተቀብቶ ይታያል፤ ይህንን ሳይመለከቱ አንድም መቆጣጠሪያ አይንኩ። ከዚያ ቀድመው ሃይላይት የሚለውን ይቀንሱ፤ ያ ካልበቃ ኤክስፖዠሩን ከ0.3 እስከ 0.7 ባለው መካከል ዝቅ ያድርጉት። የበጋው ሰማይ በተፈጥሮው ከላይ ጠለቅ ያለ፣ ወደ አድማስ ሲወርድ የሚገረጣ ስለሆነ፣ ከላይ ወደ ታች የሚሳብ ሊኒየር ግራዲየንት ቢጨምሩበት ይህን ሥርዓት ያከብራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የጠቆረ ሰማይ ግን በደቡብ ጎንደር ቀርቶ በየትም የለም። የክረምት ደመና ከሆነ ክላሪቲ የሚለውን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ የደመናውን እጥፋት ያወጣዋል።

ችግር የሚመጣው ሰማይና ምድር በሚገናኙበት መስመር ነው። ከደብረ ታቦር አካባቢ የሚነሣ ሥዕል አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ የማይገባበት ጥቂት ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ሳሳ ያለ በመሆኑ በመካከሉ ሰማዩ በብዙ ቀዳዳ ይታያል። ማሽኑ የሚመርጠው ሰማይ በእነዚህ ቀዳዳዎች ፊት ይታለላል፤ ወይ ቀዳዳዎቹን ረስቶ ከጨለመው ሰማይ በታች ነጫጭ ነጠብጣብ ያስቀራል፣ ወይ ቅጠሉን ከሰማይ ቆጥሮ ያጨልመዋል፤ የዛፉም ራስ በሱፍ ላይ እንደ ተሰፋ መጣፊያ ጨርቅ ተለይቶ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የማሽኑን ምርጫ ይሰርዙና ግራዲየንት ከዛፎቹ በታች እስኪደርስ ድረስ ይሳቡ፤ ከዚያ ኢንተርሴክት በሚለው ትእዛዝ ሉሚናንስ ሬንጅ የተባለውን ከእርሱ ጋር ያገናኙና ብሩሁን ክፍል ብቻ እንዲወስድ ይዘዙት። ሰማዩ ከቅጠሉ ይልቅ ብሩህ ስለሆነ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ትንሽ ቀዳዳ ሳይቀር ይመረጣል፣ ቅጠሉም ይተርፋል። በዳርክቴብል የሚሠሩ ከሆነ ይህንኑ ፓራሜትሪክ በሚባለው ማስክ ይፈጽሙታል፤ እንዲያውም በዚህ ረገድ ነፃው ፕሮግራም ከሚከፈልበት የሚያንስ አይመስለኝም።

በጉና ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሰታል። ተራራው በጨለመ ሰማይ ፊት ሲቆም በሸንተረሩ መስመር ላይ ቀጭን ብሩህ ክር ይታያል፤ የሰማዩ ማስክና የተራራው ማስክ በትክክል ስለማይገጣጠሙ፣ ወይም ክላሪቲ ከመጠን ስላለፈ የሚመጣ ነውር ነው። ሥዕሉን ወደ 100 በመቶ አቅርበው ሸንተረሩን ከግራ ወደ ቀኝ በዓይንዎ ይከተሉት። ክሩን ካገኙ የማስኩን ፌዘር፣ ማለትም የጠርዙን ልስላሴ፣ ያስፉ፣ ክላሪቲውን ይመልሱ፤ ሁለቱ ማስኮች ጥቂት ቢደራረቡ በመካከላቸው ክፍተት ከሚቀር ይሻላል።

ሰማይን ለብቻ የማረም ነገር የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ባለፈበት ዘመቻ፣ ከእንግሊዝ የጦር መሐንዲሶች ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች መጥተው የአገሩን ተራራና ገደል አንሥተዋል። በዚያ ዘመን መስታወት የሚቀባው ኮሎዲዮን የተባለው መድኃኒት ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ፈጣን ስለነበረ፣ ምድሩ በሚገባ እስኪመዘገብ ድረስ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለግሬ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ባሕሩን በአንድ መስታወት፣ ደመናውን በሌላ መስታወት አንሥቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ በማተም ብልሃቱን አግኝቶለት ነበር። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስም በጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከማተሚያው መብራት በታች እጁንና ቁራጭ ካርቶን እያንቀሳቀሰ አንዱን ስፍራ ይጋርድ፣ ሌላውን ብርሃን ያስጠጣ ነበር። እጁን ከመብራቱ በታች ያለ ማቋረጥ የሚያወዛውዘው ጠርዙ እንዳይታወቅ ነው፤ ዛሬ ፌዘር የምንለው ያንን የእጅ ማወዛወዝ ነው።

ሰማዩ ሲያልቅ ወደ ተራራው ይሂዱ። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ መታየቱ የአየር ጠባይ ነው፤ አየሩ አጭሩን የሰማያዊ ጨረር አብዝቶ ስለሚበትን ርቀቱ በቀለም ይገለጣል። በበጋ ደግሞ የአውድማው አቧራና የእርሻ ጭስ ይጨመርበታል። ዲሄዝ የሚባለው መቆጣጠሪያ ይህን ሁሉ መጋረጃ የሚገፍፍ በመሆኑ ጀማሪን በጣም ያስደስተዋል፤ ነገር ግን በመላው ሥዕል ላይ ሲሠራ አስቀድሞ የጨለመውን ዐጸድ ወደ ከሰል ይለውጠዋል፣ በተራራው ላይ ሲበዛም ጉናን ከጎረቤት ግድግዳ እኩል አቅርቦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ተራራውን በብራሽ ወይም በግራዲየንት ለይተው ዲሄዝን ከ10 እስከ 15 ባለው መጠን ብቻ ይስጡት፤ ሲሠራ ቀለሙን ስለሚያጋንን ሳቹሬሽኑን በጥቂቱ ይቀንሱለት። ሸለቆው መለየቱ ከታወቀ በቂ ነው፤ የቀረው ጭጋግ ይቆይ። ከተራራው ራስ አጠገብ ጅብራ በቆመበት ስፍራ ላይ ሆነው ያነሡ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ የጠራ ስለሆነ ዲሄዝ ጨርሶ አያስፈልግም።

አሁን የሥራው ልብ ወደ ሆነው ወደ ዐጸዱ ደረስን። ብዙ አንባቢ በእመጓ መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ሲሆኑ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙበት ጥናት የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚመለከት ነው፤ የመረመሩትም በዚሁ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 ደኖችን ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ በእርሻና በግጦሽ ሲራቆት፣ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ተጠልለው ቀርተዋል። ስኮትላንዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኪራን ዶድስ እነዚህን ደኖች ከአየር ላይ አንሥቶ ለዓለም ሲያሳይ፣ የሥዕሎቹ ኃይል ያረፈው በገረጣ ማሳና በጨለመ ክብ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነበር። ይህን የምናገረው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ዐጸዱን ሲያርሙ ይህን ልዩነት እንዳያፈርሱት ነው። የዐጸዱ ጨለማ ሁሉ ጉድለት አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን በውስጡ ጨለማ ነውና።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ዐጸዱን በብራሽ ይቀቡት፤ ብራሹ ለስላሳ ጠርዝ ያለው፣ ፍሰቱም ከ50 በመቶ ያልበለጠ ይሁን። ከዚያ ሻዶ የሚለውን ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉ፣ ብላክ የሚለውን ግን አይንኩት፤ እንዲያውም ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉት በግንዶቹ መካከል ያለው ጥልቅ ጽልመት ጸንቶ ይቆምና፣ የወጣው ቅጠል በእርሱ ላይ ይታያል። ሻዶው ከ30 ካለፈ ደኑ አመድ መልበስ ይጀምራል፤ እዚያ ሲደርስ ይመለሱ። ዐጸዱ በድንጋይ ካብ የታጠረ ከሆነ የማስኩ ጠርዝ ካቡ ላይ ይረፍ፤ ካቡ የተፈጥሮ ድንበር ስለሆነ የእጅዎን ስሕተት ሁሉ ይሸፍናል።

ከብርሃኑ በኋላ ቀለሙ ይከተላል። በዚህ አገር አረንጓዴ ተብሎ የሚጠራው ኅብር ብዙ ነው፦ ጽዱ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ፣ የወይራው ቅጠል ጀርባው ሲገለበጥ አመድማ፣ ባሕር ዛፉ ብርማ፣ ቡቃያው ገብስ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የስልክ ካሜራዎች በአብዛኛው ይህን ሁሉ ወደ አንድ ደማቅ አረንጓዴ ይጨፈልቁታል፣ ሳቹሬሽን ሲጨመርበት ደግሞ አገሩ በሙሉ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይመስላል። በዐጸዱ ማስክ ውስጥ የሙቀቱን መቆጣጠሪያ ወደ ሰማያዊ ጥቂት ይግፉት፤ በማሳው ማስክ ወደ ቢጫ ይግፉት። ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ እጅግ በትንሹ መግፋት አንዱን ብቻ በብዙ ከመግፋት ይበልጣል፤ ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢይዝ እወዳለሁ።

ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ቆርቆሮ ሲሆን ፀሐይ ትመታውና ያንጸባርቃል። በሉሚናንስ ሬንጅ በጣም ብሩሁን ክፍል ብቻ ይምረጡ፣ በዙሪያው ክብ ማስክ አድርገው ያገናኙ፣ ሃይላይቱንም ይቀንሱ። የቆርቆሮው ሸንተረር ብቅ ካለ መልካም ነው፤ ካልወጣ ግን ምንም አልተመዘገበም ማለት ስለሆነ ይተዉት፤ ነጩን ነገር በግድ ሲያጨልሙት ግራጫ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ይህም ከነጸብራቁ ይልቅ ያስጠላል። ጉልላቱንና በላዩ ያሉትን የሰጎን እንቁላሎች ግን ለብቻ ጥቂት ማጥራት ይገባል፤ ተመልካች ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የሚያውቀው በእርሱ ነው።

ስለ ማሳው የምለው አጭር ነው። ደመና በተቆራረጠበት ቀን ፀሐይ በአንድ ማሳ ላይ ብቻ አርፋ እንደሆነ፣ ራዲያል በሚባለው ክብ ማስክ ያንን ስፍራ 0.2 ያህል ማብራት የተፈቀደ ነው፤ ፀሐይ ባላረፈችበት ስፍራ ብርሃን ቢፈጥሩ ግን ጥላዎቹ ሁሉ ይመሰክሩብዎታል። በመስከረም ሜዳውን አደይ ሲሸፍነው ቢጫው ቀለም ከሌላው ቀድሞ ስለሚሞላ የአበባው ቅጠል ዝርዝር ይጠፋል፤ በከለር ሬንጅ ቢጫውን ብቻ መርጠው ሳቹሬሽኑንና ብርሃኑን በጥቂቱ ዝቅ ሲያደርጉት፣ ደማቅነቱ ሳይሆን አበባነቱ ይመለሳል።

በመንገዱ ነጭ ጋቢ የደረበ ገበሬ ቢያልፍ፣ ካሜራው ለጋቢው ሲጠነቀቅ ፊቱን ያጨልመዋል። ሴሌክት ሰብጀክት የሚለው ትእዛዝ ሰውየውን ከነልብሱ አንድ አድርጎ ስለሚመርጥ፣ በዚያ ማብራት ጋቢውን ማጥፋት ነው፤ ስለዚህ ለፊቱ አንድ፣ ለጋቢው ሌላ ማስክ ያብጁ። የጋቢውን ሃይላይት ይቀንሱና ጥለቱና እጥፋቱ ይታይ፤ ለፊቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ብርሃን ይበቃዋል። የገጹን ቀለም ግን አይንኩበት። ዓይኑና የፊቱ መሥመር እንዲታይ ብርሃን መስጠት አንድ ነገር ሲሆን፣ ጥቁርና ጠይም ገጽን ወደ ቅላት መግፋት ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ብዙ የስልክ ፕሮግራም ሳይጠየቅ ስለሚያደርገው፣ ውበት የሚል ስም ያለበትን ቁልፍ ሁሉ ያጥፉ። የመብራት ምሰሶውንና ሽቦውን ስለ ማጥፋት የሚጠይቁኝ ካሉ ደግሞ፣ እኔ እተወዋለሁ፤ ያ ማረም ሳይሆን መሰረዝ ነው።

በስልክ ለሚሠራ ሰው ሥርዓቱ ያው ሆኖ እጁ ብቻ ይለያል። በስናፕሲድ ሴሌክቲቭ የሚለውን ከፍተው ዐጸዱን በጣትዎ ይንኩ፣ አንድ ነጥብ ይተከላል፤ በሁለት ጣት ቆንጥረው ሲያሰፉትና ሲያጠቡት የሚደርስበት ክብ ይለዋወጣል፣ የተመረጠውም በቀይ ይታያል። ነጥቡ በክቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳይሆን ከተነካው ስፍራ ጋር በቀለምና በብርሃን የሚመሳሰለውን ብቻ ስለሚወስድ፣ የዐጸዱን ጽዶች ሲነኩ በዳር ያለው ማሳ በአብዛኛው ይተርፋል። ጣትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ሲስቡ ብርሃኑን ወይም ኮንትራስቱን ወይም ሳቹሬሽኑን ይመርጣሉ፤ ወደ ጎን ሲስቡ መጠኑን ይለውጣሉ። አንድ እርማት በመላው ሥዕል ላይ ካደረጉ በኋላ ለአንድ ስፍራ ብቻ እንዲሆን ከፈለጉ፣ ቪው ኤዲትስ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያንን እርማት ከፍተው በብራሹ የፈለጉትን ቦታ ብቻ በጣትዎ መቀባት ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ የስልክ ተጠቃሚ ጥቂት ነው፣ ጥቅሙ ግን ከሴሌክቲቩ ይበልጣል።

ሁሉም ሲፈጸም የምርመራ ጊዜ ነው። ሥዕሉን የቴምብር ያህል አሳንሰው ይዩት፤ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው ካረሙት ቦታ ላይ ከሆነ እርማቱ በዝቷል። ከዚያ እያንዳንዱን ማስክ ለብቻው እያጠፉና እያበሩ፣ ሲጠፋ ሥዕሉ ምንም ያልጎደለበትን ይሰርዙት። ላይትሩም ለእያንዳንዱ ማስክ አማውንት የሚል የጠቅላላ መጠን መቆጣጠሪያ ስላለው፣ ሌሊቱን አሳድረው በማግሥቱ ሲመለሱ ሁሉንም ከ100 ወደ 70 ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። በድካም ሰዓት የተሠራ ሥራ ሁልጊዜ ይጋነናል፤ 70 ላይ ሲቀር የሚከፋዎት አንድ ማስክ ካለ እርሱን ብቻ ከፍ ያድርጉት።

ዋናውን ራው ፋይል በሌላ ዲስክ አኑረው፣ ለስልክና ለመልእክት የሚሆነውን በኤስአርጂቢ የቀለም ሥርዓት ጄፔግ አድርገው ያውጡ፤ ለሕትመት የሚሆነውን ግን በ16 ቢት ቲፍ ያስቀምጡ። ደብሩ በግድግዳው ላይ እንዲሰቅለው ለአስተዳዳሪው የሚያበረክቱት ሥዕል ከሆነ፣ ወረቀት እንደ መስታወት ከውስጡ ብርሃን ስለማያወጣ በኮምፒዩተር ልከኛ የነበረው ዐጸድ በወረቀት ላይ ጠቁሮ እንደሚወጣ ያስቡ። ስለዚህ የዐጸዱን ማስክ ብቻ ኤክስፖዠሩን ከ0.2 እስከ 0.3 ጨምረው፣ ዐጸዱና የሰማዩ ጠርዝ የሚገናኙበትን ቁራጭ በትንሽ ወረቀት አስቀድመው ያሳትሙ፤ ቁራጩን በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ ይመልከቱት፤ ግንዶቹ ከተለዩ ትልቁን ይዘዙ፣ ካልተለዩ 0.1 ጨምረው ሁለተኛ ቁራጭ ያሳትሙ።